የተቀመጥኩበት ሸራ

ባለቤቴ ደሴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ባለፈው ጥር አንድ የማላውቀው የፓምፕ ጠጋኝ የነገረኝ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሸክሜ ወርዶ ሌላ ተተክቶበታል።

ቀበሌያችን ከአርብ ገበያ ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የምንጠጣውን ውኃ የሚያወጣልን በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ነው። ጠባቂው ደሴ ነበር። አንዱ የኤሌክትሪክ ገመድ መጋጠሚያ ዝጎ ውኃው ሲቀንስ፣ ነቅሎ ሊያጸዳው የሚካኤልን ቀን መረጠ።

«ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬ እንኳ ውኃ ቀጂ አይሰድበኝም» አለኝ እየሳቀ።

ብሎኑ ሣር ውስጥ እንዳይጠፋ ገብስ የምናሰጣበትን ሸራ ይዘን ነበር። ደሴ ግን አጣጥፎ ሰጠኝ። «እንኪ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ተቀመጪበት።»

ከዚያ ፀሐይ የሚቀበሉት ፓኔሎች ሥር ገብቶ «አጥፊው!» አለኝ። የፓምፑን መቆጣጠሪያ ሳጥን ማጥፊያ ወደ ታች አወረድኩት። ፓምፑ ዝም አለ። «አጥፍቼዋለሁ» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ በጀርባው ወድቋል፤ መዳፉ ጠቁሯል። ብጠራው አልመለሰልኝም።

በሠልስቱ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ፈንታ ከሰው ነጥለው ወሰዱኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አጥፍተሽው ነበር?»

«አጥፍቼዋለሁ» አልኳቸው። ዳግመኛ አልጠየቁኝም፤ ቤቴም አልመጡም። ውሎ ሲያድር እኔም የገዛ እጄን መጠራጠር ጀመርኩ።

ጥር ላይ ያው መጋጠሚያ እንደገና ተበላሸና ከንፋስ መውጫ ወጣት ጠጋኝ መጣ። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ ጋሽ ፈንታም ቆመዋል። ወደ ጠጋኙ ተጠጋሁ።

«የሳጥኑ ማጥፊያ ወደ ታች ወርዶ እያለ ገመዱ ሰው ይገድላል?»

«ይገድላል እንጂ፣ እትዬ። ይኼ የሚያቆመው ፓምፑን ነው። ፓኔሉ ፀሐይ እስካየ ድረስ ገመዱ ውስጥ ኃይል አለ።»

ፓምፑን አቆመ። ከፓኔሎቹ ጀርባ ያለችውን፣ ደሴም እኔም የማናውቃትን ትንሽ ሳጥን ከፍቶ የፓኔሎቹን መስመር አቋረጠ። ቀጥሎ ፓኔሎቹን መሸፈን ጀመረ፤ የያዘው ግን አልበቃውም።

«ወፍራም ሸራ ያለው አለ?»

ቤቴ ሄጄ ያንኑ የገብስ ሸራ አመጣሁለት። ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ በመለኪያ ኃይል አለመኖሩን አይቶ ነው መጋጠሚያውን የነካው። አዲሱን ከገጠመ በኋላ ሸራውን ገፈፈ፤ መስመሩን መለሰ፤ ፓምፑን መጨረሻ ላይ አስነሣ።

ጋሽ ፈንታ ቆባቸውን አውልቀው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ በደልሁሽ» አሉኝ። አሁን በየእሑዱ ቤቴ ይመጣሉ።

እጄ እንዳልበደለ አውቄአለሁ። ነገር ግን የሚሸፍነው ሸራ እዚያው እንደነበረ፣ እኔም ተቀምጬበት እንደነበር አወቅሁ። ለዚህ ማንን ይቅር በለኝ እንደምል አላውቅም።

አዲሱ ጠባቂ ፓኔሎቹን ሊነካ ሲል እኔን ሳያስጠራ አይጀምርም። ሸራውን ተሸክሜ እሄዳለሁ። እሱ ሸፍኖ ሠርቶ እስኪጨርስ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። እውነትም ይቀዘቅዛል።