የአማቴ ጉርሻ በሱሺ ቤት

ሽሪምፕ ከበላሁ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት የጃፓኖች ሱሺ ቤት የገባሁት።

የዛሬዋ ባለቤቴ ያን ጊዜ እጮኛዬ ነበረች፤ ከእናቷ ጋር ልታስተዋውቀኝ ነው የቀጠረችን። ጾም ስለነበር፣ እናቷም በጾም ዓሣ ስለሚበሉ ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። እኔ ኪያር የተጠቀለለበት ሩዝ አዝዤ በሰላም እወጣለሁ ብዬ ነበር። አለርጂዬን ለእናቷ እንዳትነግራቸው ለምኛታለሁ፤ በመጀመሪያ ቀን በሽተኛ ሆኜ መታየት አልፈለግኩም። አለርጂው ሲነሳብኝ የምወጋው መርፌ ሌላኛው ጃኬቴ ውስጥ መቅረቱ ባቡር ላይ ትዝ ሲለኝ እንኳ አልተመለስኩም። ጅልነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እጮኛዬ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ እናቷ የመብያ እንጨቶቹን ገፋ አደረጉና ከሳህናቸው አንድ ጥቅል በእጃቸው አነሱ።

«እንካ የኔ ልጅ፣ በሞቴ። ሣር ብቻ በልተህማ አትሄድም።»

ከሩዙ መሐል ሮዝ ነገር ታየኝ። ዓሣ ይሁን ሽሪምፕ አልለየሁም። እጃቸው አየር ላይ ነው፣ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ። የእጮኛ እናት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ሞትንም እሳቸውንም ፈራሁ፤ እሳቸውን ይበልጥ ፈራሁ መሰለኝ፣ አፌን ከፈትኩ።

ከዋጥኩ በኋላ እየሳቅኩላቸው ጉሮሮዬን አዳምጥ ጀመር። መጀመሪያ ከንፈሬን አሳከከኝ። ቀጥሎ ምላሴ አበጠ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያዘጋጁ ትንፋሼ ያፏጭ ነበር።

እጮኛዬ ተመልሳ ፊቴን ስታይ ደነገጠች። «እማዬ፣ ምን አጎረስሽው? ሽሪምፕ አለርጂ አለበት እኮ።»

አስተናጋጇ አምቡላንስ ጠራች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አየር ሲያጥረኝ፣ እዚሁ ልሞት ነው አልኩ። የሚታየኝ የእናቷ እጅ ብቻ ነበር፤ ሩዝ እንደተጣበቀበት ነው።

የአምቡላንሱ ሠራተኞች መርፌ ደረሰልኝ። ሆስፒታል ውስጥ እናቷ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣

«እያወቅህ ነው የዋጥከው?» አሉኝ።

«እምቢ ለማለት አፍሬ ነው።»

«እኔስ? በእጄ ሰው ገድዬ እንድኖር ነበር?»



አሁን አማቴ ናቸው። እሑድ እሑድ ዋይት ሲቲ ቤታቸው እንበላለን። ልጃቸውን ያጎርሳሉ፣ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ ያጎርሳሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሳህኑን ወደ እኔ ጠጋ ያደርጉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ይመልሳሉ።