ስለ አቶ ጌታሁን ጸጉር የተሰጠኝ አደራ

ይህ ነገር የደረሰው አምና፣ ካምፓላ ላይ ዝናቡ በገባ ሰሞን ነው። የማልረሳው ስላሳቀኝ አይደለም፤ ያን ቀን እንኳ አልሳቅኩም። አንዲት ልጅ በእኔ አፍ ምክንያት እንጀራዋን ልታጣ ስለነበር ነው።

እኔ ናካዋ በሚባለው ሰፈር የመኪና ጎማ እያስመጣ በሚሸጥ የአገራችን ሰው ድርጅት በር ጠባቂ ነኝ። ስሜ ተሰማ ነው። የእኛዎቹ ጋሽ ተሰማ ይሉኛል፤ የዚህ አገር ሰዎች ሙዜ ይሉኛል፣ ሽማግሌው ማለታቸው ነው። ፊደል የቆጠርኩት እንደ ነገሩ ነው። ይህንንም የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ የቸኮለ ሰው ሌላ ያንብብ።

ባለቤቱ አቶ ጌታሁን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ስልጠና ይወዳል፣ እሱን እንለፈው። ችግሩ ጸጉሩ ነው። ሰውየው ስልሳን እየተጠጋ ጸጉሩ እንደ ቁራ ይጠቁራል። ፀሐይ ሲበረታ በግንባሩ ላይ ጥቁር ላብ ይወርዳል። ሁላችንም እናያለን፣ ማንም አላየም። አንድ ሾፌር አፉን መያዝ አቅቶት ቀለደበትና በዚያው ሳምንት ሌላ ሥራ ፈለገ።

አንድ ጊዜ አቶ ጌታሁን ከስልጠና ሲመለስ ሥራችን ሁሉ ተገለባበጠ። ስልክ ጠዋት ቅርጫት ውስጥ ይገባል ተባለ። ሻይ በቀን አንዴ፣ እሱም ያለ ስኳር፤ ስኳር ሰው ያፈዛል ተባለ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቆሞ መሰብሰብ መጣ። ቆሞ የሚሰበሰብ ሰው ወሬ አያበዛም ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውለው ሰውዬ በስብሰባ እንኳ ልቀመጥ አልቻልኩም።

ተራዬ ሲደርስ ይጠይቀኛል።

"ጋሽ ተሰማ፣ ትናንት ምን ሠራህ?"

"በር ከፈትኩ።"

"ዛሬስ ምን ትሠራለህ?"

"በር እከፍታለሁ።"

"ሥራህን የሚያደናቅፍብህ ነገር አለ?"

"አለ። ይሄ ስብሰባ። አሁን በሩ ላይ ማንም የለም።"

ከዚያ ብራያን የሚባል የዚህ አገር ሰው መጣ፤ ስለ ኮምፒውተር ጥበቃ የሚያስተምር። ሌባ ዛሬ በአጥር አይዘልም፣ በኮምፒውተር ነው የሚገባው አለ። እኔን እያየ ነው ያለው፤ ከነዱላዬ ቅር አለኝ። ፓስወርድ አጭር መሆን የለበትም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ቁጥርም ይኑርበት፣ በየወሩ ይቀየር፣ ወረቀት ላይ አይጻፍ፣ ስልክ ውስጥ አይቀመጥ አለ። እየዞረም ኮምፒውተሮቹ ላይ የተለጠፉትን ቢጫ ወረቀቶች ገነጣጥሎ ሄደ።

ሠራተኛው ጨነቀው። በየወሩ አዲስ ዓረፍተ ነገር ማን ያስታውሳል? አንድ ቀን ጎማ የምትሸጠው ናካቶ በሩ ላይ መጥታ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ሹክ አለችኝ። "ሙዜ፣ ይህን ያዝልኝ፣ ብረሳ ትነግረኛለህ" አለች። ያዝኩላት። በነጋታው የመጋዘኑ ሰይድ መጣ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ ነገር አዋቂ። "ብራያን ወረቀት ላይ አትጻፉ አለ፣ ስልክ ላይ አታስቀምጡ አለ፤ ስለ ሽማግሌ ያለው ነገር የለም" አለኝና የራሱን ነገረኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የቢሮው ፓስወርድ ሁሉ እኔ ጋ ሆነ። መጻፍ የማይሆንለት ሰው መርሳትም አይሆንለትም። ደግሞ እኔ ኮምፒውተር በየት በኩል እንደሚበራ አላውቅም፤ ምን ላደርግበት? አደራ ነው፣ ይዣለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ትርሲትም ሰጥታኛለች። ትርሲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ጁባ ነው ያለው፣ ታናሽ እህቷን ደግሞ እሷ ናት የምታስተምረው። ቤቱ የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ ድምጿ አይሰማም፤ ግን ስኳሩ ሲከለከል ጊዜ ንዴቷን ሁሉ ፓስወርዷ ላይ ትወጣው ጀመር። በአማርኛ አስባ በፈረንጅ ፊደል ነው የምትጽፈው። የመጀመሪያው ወር ስለ ሻዩ ነበር። ሁለተኛው ወር ስለ ቆሞ መሰብሰቡ። የመጨረሻው ስለ አቶ ጌታሁን ጸጉር ሆነ።

ስትነግረኝ ደነገጥኩ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቀይሪው" አልኳት።

"ወሩ ሲያልቅ ይቀየር የለ፣ ጋሼ? ብቻ ለማንም እንዳትነግር። ለእሱ በተለይ። በማርያም።"

"ምን ቆርጦኝ" አልኳት።

ወሩ ሳያልቅ ምጧ መጣ። ከተባለው ቀን ቀድሞ፣ ሥራ ላይ እንዳለች ነው። ሰይድ ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባት፣ እህቷ መሠረት ተጠርታ አብራት ሄደች፣ እኔ በሩን ከፈትኩ። እግዜር በሰላም ያገላግልሽ ብለን ተመለስን።

ትንሽ ቆይቶ አቶ ጌታሁን ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ጎማ የማቅረብ ጨረታ ነበር፤ ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ወረቀቱን ሁሉ ያዘጋጀችው ትርሲት ናት፤ ያለው እሷ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ተቆልፏል። ለብራያን ሲደውልለት ሌላ ከተማ ነኝ፣ ከነገ በፊት አልደርስም አለው። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ እንደሆነም እስከ ነገ ጭራሽ አይከፈትም ብሎ ጨመረለት። አቶ ጌታሁን አንዱን በራሱ ግምት አቃጥሎታል። ሁለት ቀርቶታል።

በሩ ላይ መጣብኝ።

"ጋሼ፣ የትርሲትን ፓስወርድ ታውቃለህ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም አለ።"

"እንግዲያው ሁሉንም ጠይቃቸው።"

"ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም። ኮምፒውተሩ የኔ ነው። ጠረጴዛው የኔ ነው።"

"ልክ ነህ። ቃሉ ግን የእሷ ነው። ያስቀመጠችው እሷ ናት፣ ትምጣና ትውሰድ።"

"ምጥ ላይ ናት እኮ!"

"ስትገላገል ትምጣ።"

ፊቱ ቀላ። ከሥራ አስወጣሃለሁ አለኝ። "አስወጣኝ፤ ስወጣ በሩን ራስህ ትዘጋዋለህ" አልኩት። ድርቅ ማለት ከልጅነቴም አለብኝ፤ ያን ቀን ግን ድርቅናዬ አልነበረም። ልናገር ብል ልጅቱን የማስወጣት እኔ ነኝ። ሾፌሩን አይቻለሁ። አራስ ሆና ሥራ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ በሰው አገር የኖረ ያውቀዋል።

ሰይድ ጠጋ አለኝ። ሮሌክስ እየበላ ነበር፣ ቻፓቲ በእንቁላል ጠቅልለው የሚሸጡትን። ምንም ቢመጣ መብላት አይተውም። "ጋሼ፣ ጨረታው ካመለጠ እኮ አንተም የምትጠብቀው በር፣ እኔም የምቆጥረው ጎማ አይኖረንም" አለኝ። ይሄ ገባኝ። "እንግዲያው ደውልላትና ትፍቀድልኝ" አልኩት።

መሠረት አነሳች። እኔ በስልክ ሳወራ እጮሃለሁ፣ ሩቅ ስለሆነ። "መሠረት፣ እህትሽን ጠይቂልኝ፣ አደራዋን ለአቶ ጌታሁን ልስጠው ወይ በያት" አልኩ። ከወዲያ ጩኸት ይሰማል። ቆይታ ተመለሰች።

"ስጠው ብላለች፣ ጋሼ።"

"ደህና አድርጋ ሰምታሻለች? ለማን እንደሆነ ነግረሻታል?"

"ሰምታኛለች። ከፈለገ ግንባሩ ላይ ይጻፈው ብላለች።"

ምጥ ላይ ያለ ሰው ሥራ አይታየውም። አደራው ተነሳልኝ፣ ሸክሙ ግን አልወረደልኝም። ወደ ትርሲት ክፍል ሄድን። አቶ ጌታሁን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ናካቶም ሰይድም ሌሎቹም በሩን ሞልተው ቆመዋል።

"ሰዎቹን አስወጣቸውና ለብቻህ ልንገርህ" አልኩት።

"ጊዜ የለንም፣ ተናገር።"

"ኋላ እንዳትቆጭ።"

"ተናገር አልኩህ!"

"እሺ። መጀመሪያ ግን ይህን እወቅ። ቃሉን ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ ከእኔ አፍ ሰምታ ነው ያስገባችው።"

"ማንም ይበለው። ምንድን ነው?"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ጌታሁን ጸጉሩን በጫማ ቀለም ይቀባል፣ አርባ ሦስት።"

ውጭ የሚያልፈው ቦዳ፣ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል፣ ሲንጣጣ ብቻ ነው የሚሰማው። ናካቶ አማርኛ ስለማታውቅ "ሙዜ ምን አለ?" ብላ ሰይድን ጠየቀችው። ሰይድ "ስለ ሥራ ነው" አላት።

አቶ ጌታሁን ዞሮ አላየኝም። "አርባ ሦስቱ ምንድን ነው?" አለ፣ በቀስታ።

"የጫማህ ቁጥር። ቁጥር ካልገባበት አይቀበልም ስላሉ ነው።"

በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ አጻጻፏን ከምትልክለት መልእክት ያውቀዋል። ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ አጠገቡ ስለቆምኩ እሰማዋለሁ። ተጫነው። ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። አንድ ብቻ ቀረን።

"ውሸትህን ነው" አለኝ።

"እኔ አልዋሸሁም። አንተ 'በሂና' ብለህ ነው የጻፍከው፣ ሰምቼሃለሁ።"

"ሂና ነዋ!" ብሎ ብድግ አለ። "የጫማ ቀለም አይደለም፣ ሂና ነው። ከሱቅ ነው የምገዛው፣ ዕቃውን ላሳይህ እችላለሁ።"

"ጌታሁን፣ እውነቱን ማን ጠየቀህ? ማሽኑ የሚፈልገው ያስቀመጠችለትን ነው። የጫማ ቀለም ብለህ ጻፍና ግባ፣ ከገባህ በኋላ ተከራከረው።"

ተቀመጠ። ላቡ ወርዷል፣ የምታውቁት ላብ። "ድገምልኝ፣ ቀስ ብለህ" አለኝ። ደገምኩለት። ጸጉሩን፣ አልኩ። ጻፈ። በጫማ፣ አልኩ። ቆየ። ጻፈ። ቀለም፣ አልኩ። ሰው በገዛ ጣቱ ራሱን ሲሰድብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያሳዝናል። አርባ ሦስትን ሲጨምርበት ተከፈተ።

ጨረታው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገባ። ማንም አልሳቀም። ሰይድ ብቻ ጎማ ልቆጥር ብሎ መጋዘን ገባ፤ እዚያ ሆኖ ሲያስለው ሰማሁት። ጉንፋን አልነበረበትም።

አቶ ጌታሁን ማታ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎም አላየኝ። በሩን ከፈትኩለት። አለቀልን አልኩ፣ እኔም እሷም። ትርሲት ወንድ ልጅ ተገላገለች የሚል ወሬ ቢመጣም ደስታዬ ሙሉ አልሆነም።

በነጋታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥሩምባ ተነፋ። አቶ ጌታሁን ነው። "ግባ" አለኝ። ገባሁ። ከኋላ ወንበር ላይ የሕፃን ልብስ፣ ሳሙናና አንድ ትልቅ ከረጢት ስኳር አለ። ወዴት እንደምንሄድ ገባኝ። የጂንጃ መንገድ በመኪና ተዘግቶ ስንቆም ስንሄድ ቆየን። ኋላ፣ ከፊታችን ያለውን መኪና እያየ ተናገረ።

"ያን ቃል ያልከው አንተ አይደለህም።"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ብትሆን ፊት ለፊቴ ትለኝ ነበር።"

እኔም ወደ መንገዱ ዞርኩ። እውነቱን ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ትርሲት እሱን ስታይ አንሶላውን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው። አልጋዋ ግርጌ ቆመ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት። "ማርያም ታኑርልኝ" አለች ከአንሶላው ሥር። ስኳሩን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠላት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሂና ነው" አላት።

"እሺ" አለች ትርሲት።

መሠረት ሕፃኑን አምጥታ አሳቀፈችው። የልጁ ጸጉር ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። አቶ ጌታሁን ብዙ ጊዜ አየው። "ይሄስ ምን ተቀብቶ ነው?" አለ። አንሶላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ኋላ እሱም ሳቀ፣ ዓይኑን እስኪጠርግ። እኔ እንኳ የዚያን ጊዜ ነው የሳቅኩት።

ጨረታውን ሌላ ሰው አሸነፈ። በሰዓቱ ገብተን ነው የተሸነፍነው። ትርሲት ልጇን ጠንከር ካደረገች በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ስኳሩም ተመልሷል። ቆሞ መሰብሰቡ ግን አልቀረም፤ እኔም በር ከፈትኩ፣ በር እከፍታለሁ እያልኩ ነው።

አሁን ሳስበው ባልናገር ይሻል ነበር አልልም፣ በመናገሬም አልኮራም። አደራ ወርቅም ይሁን ቃል አንድ ነው፤ ያስቀመጠው ሰው እስኪያነሳው መያዝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው ወር አቶ ጌታሁን በሩ ላይ መጣና ግራ ቀኙን አይቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። የራሱን ፓስወርድ ነገረኝ። "አደራ፣ ጋሼ፣ ለማንም እንዳትነግር" አለኝ፣ ፈገግ እያለ። ስለ እኔ ነው። ረጅም ነው፣ ቁጥርም አለው። ምን እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም፤ አደራ ነው። ውሸት መሆኑን ግን እወቁልኝ።