ሳቁ ይቆረጥ

የአጎቴ ሥራ በቴሌቪዥን ጣቢያ ሳቅ መጨመር ነው። ቀልዱ ሲቀረጽ ተመልካች ስለሌለ፣ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ከየቀልዱ ኋላ የተቀዳ ሳቅ ይለጥፋል፤ ቀልዱ በደከመ ቁጥር ሳቁ ይረዝማል። እሱ ራሱ ግን ፊቱን ፈትቶ አያውቅም። «ቀኑን ሙሉ ሳቅ ሳድል ውዬ ደግሞ ቤቴ ልሳቅ እንዴ?» ይለናል።

በዚያ ሰሞን ግን የምር ጨንቆት ነበር። ሚስቱ የደም ግፊት አለባት። አንድ ሰባኪ «እምነት ያለው ሰው ክኒን አይውጥም» ስላላት መድኃኒቷን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ፣ ራሷን እያዞራት በግድግዳ ድጋፍ ትሄዳለች። ሐኪም ለመናት፣ ልጆቿ አለቀሱባት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እኔም አንጀቴ አረረ።

እንዲህ ባለ ሰባኪ ላይ የተሠራ ቀልድ እጁ ሲገባ ታዲያ አጎቴ ሚስቱ አይታው ትነቃለች ብሎ ተስፋ አደረገ። ተዋናዩ «ክኒናችሁን ጣሉ!» ብሎ ይጮህና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሬት ላይ ግን አይደለም፣ እዚህ ቅርጫት ውስጥ። እኔም ግፊት አለብኝ» ይላል። አጎቴ እዚያች ላይ ያለውን ሳቅ ሁሉ አፈሰሰባት።

የጣቢያው ገምጋሚ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይከበር ተባለ፤ የሃይማኖት ሰው ክብርም ይጠበቅ ተባለ። ሲጨነቁ ውለው ለሰብሳቢው መላ መጣለት።

«ቀልዱ ይተላለፍ፣ ሳቁ ይቆረጥ። መናገር መብት ነው፤ መሳቅ ግን ድፍረት ነው።»

ተጨበጨበለት።

«ሳቅ ከሌለው እኮ የእውነት ስብከት ይመስላል» አለ አጎቴ።

«እርስዎ አስገቡ ሲባሉ ያስገቡ፣ አውጡ ሲባሉ ያውጡ!»

አወጣ። ሲተላለፍ እነሱ ቤት ነበርኩ። ተዋናዩ «ክኒናችሁን ጣሉ!» ሲል የአጎቴ ሚስት «አሜን!» ብላ ተነሳች። ክኒኗን ከመሳቢያው አውጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስታመራ ሁለተኛው ንግግር ተከተለ። ቆም አለች።

«እሱም ግፊት አለበት? ምስኪን! ልላክለት እንዴ?»

አጎቴ በሳቅ ፈነዳ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ በሰው በሽታ ትስቃለህ?»

«ቀልድ ነው እኮ! ሰውዬው ተዋናይ ነው፤ ሳቁን የቆረጥኩት እኔው ነኝ!»

እሷ አልሳቀችም። ቴሌቪዥኑን አየች፣ በእጇ የያዘችውን አየች።

«የኛም ሰባኪ እኮ በቅርጫት ነው የሚሰበስበው» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ አምጣልኝ።»

በማግስቱ አንድ ጎረቤት «በስብከቱ ሰዓት ከሠራተኛችሁ ቤት ሳቅ ተሰምቷል» ብሎ ለጣቢያው ደወለ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ አጎቴን ከሥራ አገደው። ያግዱት! ሚስቱ በሕይወት አለች።