«ጎሽ ልጄ፣ ቤቱን አሰፋህልኝ»

እንጅባራ የቴአትር ቡድን ውስጥ የተቀጠርኩት በጀማሪ ተዋናይነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ግን መጋረጃ መስፋት ነበር። እየሰፋሁ ከአናጢው ጋር ስጨቃጨቅ አዘጋጁ ጋሽ ታደለ ድምፄን ሰሙና «ነገ በተውኔቱ ውስጥ ያለችውን የእናትየዋን ቃል አጥንተሽ ነይ» አሉኝ። ያኔ እኔ ራሴ ገና ልጅ አልወለድኩም ነበር።

ተውኔቱ የድሮ ዓይነት አሳዛኝ ተውኔት ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት ይጣላሉ፤ ታላቁ ታናሹን ይገድላል። እናትየዋ ከቀብር ስትመለስ ገዳዩን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለች። አታለቅስም። «ጎሽ ልጄ፣ ቤቱን አሰፋህልኝ» ትለዋለች።

እኔ አፌን አጣምሜ፣ ዓይኔን አጉረጥርጬ ጮህኩበት። ጋሽ ታደለ ልምምዱን አስቆሙ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምጸት ነው ብዬ ነዋ።»

«ምጸት መሆኑን አንቺ አትንገሪን። አንቺ አመስግኚው።»

«ገዳዩን?»

«ከልብሽ።»

ከልቤ እስካመሰግነው ድረስ ብዙ ልምምድ ፈጀ።

አናጢው አያ ምትኩ ደግሞ በዘይቤ ተቸገሩ። የመድረኩን ቤት ከቀርከሃ የሠሩት እሳቸው ናቸው። እናትየዋ «የቤቴ ምሰሶ ወደቀ» ስትል ሰምተው አንዱን ምሰሶ በገመድ ሲጎተት እንዲወድቅ አድርገው ሠሩት። ጋሽ ታደለ «ምሰሶ ያለችው የሞተውን ልጅ ነው» ብለው አስረዷቸው። አያ ምትኩ ገመዱን እየፈቱ «ታዲያ ስሙ የለውም?» አሉ።

ዳንግላ ስናሳይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያቺን ቃል ልጇን እንደምትመርቅ እናት ቀስ ብዬ ተናገርኳት። ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ጸጥ አሉ። ከፊት ረድፍ ጋቢ የለበሱ ጎልማሳ ተነስተው ወጡ።

ትርኢቱ ሲያልቅ እኒያው ሰው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የእኔንና የወንድሜን ነገር። መስደብ ካማረሽ ፊት ለፊት ስደቢኝ። እያመሰገንሽ አትውጊኝ።»

«እኔ እርስዎን አላውቅዎትም። ተውኔቱም እኔ ሳልወለድ የተጻፈ ነው።»

ከዚያ ነገሩን ራሳቸው ነገሩኝ። ወንድማቸውን ከአባታቸው መሬት አባረውታል። እሱ ጫግኒ ወርዶ የሰው ባጃጅ ይነዳል። እናታቸው እሳቸው ዘንድ ናቸው፤ አንድም ቀን ወቅሰዋቸው አያውቁም።

«ምግቧን ባቀረብኩላት ቁጥር ‹ተባረክ› ነው የምትለኝ» አሉ። «እስከ ዛሬ ምርቃት ይመስለኝ ነበር።»

«ምርቃትም ሊሆን ይችላል።»

«ሥራሽ አይደል? ምርቃት ከሽሙጥ በምን ይለያል?»

«በቃሉ አይለይም» አልኳቸው። «የተባለው ሰው ምን እንደሠራ ራሱ ያውቃል።»

ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። በኋላ ክፉ ቃል የተናገርኩ መስሎኝ ከነከነኝ። ጋሽ ታደለን ስጠይቃቸው «ቃሏን ልናወጣት እንችላለን፤ ከዚያ እናትየዋ ምን ትላለች?» አሉኝ። የምትለው ሌላ ነገር አላገኘንም፤ ተወናት።

ክረምቱ አልፎ ጫግኒ ወርደን ስናሳይ የዳንግላው ሰውዬ መጡ። አብሯቸው እሳቸውን የሚመስል ወጣት ነበር። መሬቱን በሽማግሌ ፊት እንደተካፈሉ ነገሩኝ። ወጣቱ ፊቱን ወደ ባጃጁ አዙሮ ቆሟል፤ ገና አልታረቀም ይመስላል። ግን መጥቷል።

«እናትዎስ ምን አሉ?»

«‹ተባረክ› አለችኝ።»

«እንደ ድሮው?»

«ድምጿም ያው ነው» አሉ። «እንቅልፍ ግን ወሰደኝ።»

ጋሽ ታደለ ጡረታ ሲወጡ አዘጋጅነቱ ለእኔ ደረሰ። አዲስ ተዋናይ አፉን ሲያጣምም ልምምዱን አስቆማለሁ። ምጸት ያለበትን ቃል በደግ ድምፅ መናገር ነው፤ የሚመለከተው ሰው ይሰማዋል።