የአያ ሞላ ጆተኒ

የልጅ ልጄ ሔርሜላ ስልኳ ላይ ስትከራከር ፊቷ ይቀላል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ አረፍ እንዳልኩ፣ አጠገቤ ተኮራምታ በሁለቱ አውራ ጣቶቿ ስትጽፍ አየኋት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ የምትማረውም ሶፍትዌር ነው። ጠቡ ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቅኋት። አዘዞ የሚኖር አንድ ልጅ የስልክ ጨዋታ ሠርቶ መሸጥ ጀምሯል አለችኝ። ከውጭ የሚመጣው ጨዋታ በነጻ እየተገኘ እሱ መቶ ሃምሳ ብር ስለጠየቀ ሰዉ ሁሉ ተነስቶበታል።

"ስንት ሰው ነው የተነሳበት?"

ሳቀች። "ሦስቱ እኔ ነኝ" አለች።

በሦስት ስም ትገባለች። አንደኛው ስም ዋጋውን ይተቻል፣ ሁለተኛው "ልክ ነህ" ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ የባሰ ይናገራል። ክርክሩ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ነው። ትክ ብዬ ሳያት ጊዜ፣ "ማንም አይጎዳም እኮ እማማ፣ ጨዋታ ነው" አለችኝ።

ድካም ተሰማኝ። የጉልበት ድካም አይደለም፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ረጅም መንገድ ሄጄ ጨረስኩ ያለ ሰው መነሻው ላይ ቆሞ ራሱን ሲያገኘው የሚሰማው ዓይነት ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር፣ በደርግ ጊዜ። ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም ነበር፤ ወጣት የተባለ ሁሉ ማህበር አለው፣ ማህበሩም ሥራ አያጣለትም። የእኔ እጅ ጽሑፍ ያምራል ይባል ስለነበር የቀበሌያችን ወጣቶች ማህበር የግድግዳ ጋዜጣ ጸሐፊ አደረጉኝ። ጋዜጣው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የተቸነከረ ሰፊ ጣውላ ነው። ሰው የጻፈውን ቁራጭ ወረቀት በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል፤ እኔ አውጥቼ በእጄ እገለብጠዋለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑም አዲሱን እለጥፋለሁ። ለዓይን እንዲያምር ሁሉም በአንድ እጅ ይጻፍ ተብሎ ነው። ማንም በስሙ አይጽፍም። "ታዛቢ" ይላል አንዱ፣ "ንቁ" ይላል ሌላው።

ከላይ መፈክር አለ፤ እሱን የሚያነበው የለም። ሰው የሚጋፋው ለታችኛው ጥግ ነበር፤ "ከሳይንስና ቴክኒክ ዓለም" የሚል ርዕስ ሰጥቼዋለሁ። ከመጽሔት እየቆረጥኩ ስለ ሳተላይት፣ አንድ ክፍል ሙሉ ስለሚያህል የሒሳብ መኪና እጽፍ ነበር። ከሥሩ ክርክሩ ይቀጥላል። የጃፓን ሬዲዮ ይሻላል ወይስ የሆላንድ? በክረምት ዝናብ አጥርቶ የሚይዘው የትኛው ነው? ሰዎች ሬዲዮ ሳይኖራቸው ስለ ሬዲዮ ሊደባደቡ ይደርሱ ነበር።

አሁን ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል። ከተማችን ብዙ ልጆቿን ቀብራለች፤ የት እንደተቀበሩ የማታውቃቸውም ነበሩ። ሬዲዮው ምን አለ ብሎ መከራከር ያስጠይቃል፤ የሬዲዮው ባትሪ ስንት ቀን ይቆያል ብሎ መከራከር ግን አያስጠይቅም። ሰው ደግሞ ሳይከራከር መኖር አይችልም፣ በተለይ የጎንደር ሰው።

ከሬዲዮ ቀጥሎ የመጣው ጆተኒ ነው። በአካባቢያችን ሁለት ነበሩ። አንዱ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ያለ፣ ከአስመራ የመጣ ባለ ብረት እግር ጠረጴዛ ነው፤ አንድ ጨዋታ አሥር ሳንቲም። ሁለተኛው የአያ ሞላ ነው፤ አሥራ አምስት ሳንቲም። በሁለቱም ዘንድ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። አያ ሞላ ከኮላ ድባ የመጡ አናጢ ናቸው፤ አርባዎቹን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ የማይለይ ሰው። በዚያ ጊዜ አልጋና በር የሚያሠራ ሲጠፋ ጆተኒውን ከእግሩ እስከ እንጨት ኳስ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሠርተው በቆርቆሮ ዳስ ሥር አቆሙት። ሚስታቸውና አራት ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያ ነበር። የብረቱ ጆተኒ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ልጆች ገና ሳይጀምሩ በየትኛው በኩል እንቁም ብለው ይጣላሉ። የአያ ሞላ ግን ኳሱን መሐል ላይ ብታስቀምጠው እዚያው ያድራል።

እኔ ጆተኒ አልጫወትም ነበር፤ ሴት ልጅ ዳሱ ሥር ብትታይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። አያ ሞላን ያወቅኋቸው በመሠረተ ትምህርት ነው። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ትልልቆቹን ፊደል አስቆጥር ነበር፤ እሳቸው ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር አይጠፉም። አንዳንዴ ከአገራቸው ሰው ሲመጣላቸው የሽምብራ እሸት እስር ይዘው ይመጡና ለክፍሉ ያድላሉ። "አስተማሪዬ" ይሉኛል፣ ግማሽ ቀልድ ግማሽ ቁም ነገር አድርገው። አንድ ቀን "ዋንዛ" የሚል ቃል ስናነብ ደስ ብሏቸው ከትምህርቱ በኋላ ጠጋ አሉኝ።

"ይኸ ጆተኒ ዋንዛ ነው። ካባቴ ማሳ ዳር የነበረ፣ ንፋስ ጣለው። ወንድሜ በነጻ ሰጠኝ፤ ተሸክሜ አመጣሁት" አሉኝ። "ሸጋ እንጨት ነው። አባቴ ጥላው ሥር ነበር የሚያርፍ።"

ይህን ለማንም እንዳልነገሩ ያኔ አላወቅኩም። ሰው እንዳይመቀኛቸው ይፈሩ ነበር መሰለኝ።

የጆተኒው ክርክር በሦስት ወረቀት ተጀመረ። አንድ ተማሪ "በእጅ የተሠራው ከውጭ ከመጣው ለምን ይወደዳል?" ብሎ ጻፈ። ሁለት ሰዎች መለሱለት፤ አንዱ ደገፈው፣ ሌላው "ያልተመቸው ፒያሳ ይሂድ" አለ። ጣውላው ፊት ሰው ተሰበሰበ፣ ተሳቀ። ከዚያ በሚቀጥሉት አሥራ አምስት ቀናት የወተቱ ቆርቆሮ ባዶ ሆነ።

የማህበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ደሳለኝ ይባላል፤ ከእኔ በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው፣ ግን አጠገቡ ስንቆም ድምፃችን ይቀንሳል። ባዶውን ቆርቆሮ ገልብጦ አየና፣ "ሕዝቡ ምነው ዝም አለ?" አለኝ። በዚያ ዘመን ዝምታም ያስጠረጥራል። ቤት ገብቼ አምስት ሰው ፈጠርኩ። ከተማሪውና ከሁለቱ መላሾች ጋር ስምንት ሆኑ።

በፍርሃት ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። ደስ ይለኝ ነበር። "ሐቀኛው" ብዬ ስጽፍ የማልደፍረውን እደፍራለሁ፤ "የልጆች አባት" ስሆን ሽማግሌ እሆናለሁ። የለጠፍኩ ዕለት ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ቆሜ ሰዎች "ይህ ሐቀኛው የሚባል ሰውዬ አንደበት አለው" ሲሉ እሰማና ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ አይታወቀኝም። እናም ሐቀኛው ከሁሉ የበለጠ እንዲያምርለት ብዬ፣ "እንጨቱን ከገጠር በነጻ አምጥቶ ከድሃ ልጅ አሥራ አምስት ሳንቲም መቀበል ምን ይባላል?" ብዬ ጻፍኩለት።

ምን እንደሚባል ጓድ ደሳለኝ ነገረን። በዝባዥነት ይባላል።

ክረምቱ አልፎም ጸሐፊነቴ ቀጥሎ፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አያ ሞላን ጣውላው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ሌላው ሰው አንብቦ ይሄዳል፤ እሳቸው ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ቆመዋል። ከክፍል ውጭ ብቻቸውን ሲያነቡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ሞኟ ኩራት ተሰማኝ። ጠጋ አልኩና፣ "አነበቡት አያ ሞላ?" አልኳቸው።

"አነበብሁት። ቀስ እያልሁ ደረስሁበት።" ጣታቸው ሐቀኛው "እንጨቱን ከገጠር በነጻ" ያለበት ላይ ነበር። "የእንጨቱን ነገር ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም" አልኩ። እውነት ነበር።

"እኔም ላንቺ እንጂ ለማንም አልነገርሁ።"

አያ ሞላ ቀና ብለው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፣ የማን ቃል የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ እሳቸው ግን የለዩ መሰለኝ። "ምነው ልጄ?" አሉኝ። ቁጣ የለውም። አስተማሪዬ ማለቱን ተዉት።

ያን ዕለት ወደ ጓድ ደሳለኝ ሄድኩ። ልናገር ነበር። ጠረጴዛው ላይ "ስምንት የሕዝብ ቅሬታዎች" የሚል ሪፖርት አዘጋጅቶ አገኘሁት። የብዕር ስሞቹን እንደ ሰው ቆጥሯቸዋል፤ ጆተኒውን የተከላከለውን እንኳ አልለየውም። "ጓድ፣ ምናልባት የጻፉት ያን ያህል ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ" አልኩ።

ብዕሩን አስቀመጠ። "ጓዲት ትርንጎ፣ በሕዝብ ስም የሐሰት ጽሑፍ የሚለጥፍ ሰው አለ ነው የምትይኝ?"

ታላቅ ወንድሜ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታስሮ የተፈታ ነው፤ እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። "አይ፣ የለም" አልኩ። ከዚህ የበለጠ አልተናገርኩም። ሰበቤ ይኸው ነው፤ ሰበብ ቢሆንም እውነት ነው፣ እውነት ቢሆንም ሰበብ ነው።

በሳምንቱ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ጆተኒው ለወጣቱ መዝናኛ ለማህበሩ ይተላለፍ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን ጓድ ደሳለኝ እያነበበልኝ እኔ ጻፍኩ። አያ ሞላ ተጠርተው ቀረቡ፤ ሸሚዛቸው የታጠበ ነው፣ እርሳሱ ከጆሯቸው ላይ የለም። አንዱ የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋላቸው።

"ተወው፣ እጄ ይጽፋል" አሉት። "መጀመሪያ ግን ላንብበው።"

አዳራሹ ሙሉ ሰው ጠበቃቸው። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፅ አውጥተው፣ እኔ እንዳስተማርኳቸው አነበቡ። ስማቸውን አነበቡ። "ጆተኒ" የሚለውን አነበቡ። ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆሙ። ያቃታቸው መስሎኝ ልረዳቸው አፌን ከፈትኩ። አላቃታቸውም።

"በ... ፈ... ቃ... ዱ" አሉ። ደገሙት። "በፈቃዱ አስረክቧል።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሞላ ተገኘ ብለው ፈረሙ፣ ፊደሎቹ ተራርቀው፣ አንዳቸውም ሳይሳሳቱ። እስከዚያ ቀን ከደብተራቸው ሌላ ምንም ላይ ስማቸውን ጽፈው አያውቁም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኮላ ድባ ተመለሱ። ጆተኒው አዳራሹ ውስጥ በነጻ ሆነ፤ በነጻ ስለሆነም ማንም አልጠበቀውም። ለፋሲካ የተጫዋቾቹ ራስ ተሰባብሮ ነበር፤ ለቀጣዩ ክረምት አሮጌ ወንበር ተጭኖበት አየሁት። እኔ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጥሬ ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ኖርኩ። ኮላ ድባ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። አንድም ቀን አልሄድኩም። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ በኋላ አፍሬ፤ ከዚያ ደግሞ ደከመኝ፣ እሳቸውም ያረፉ መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ለሔርሜላ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ "እሱ ሌላ ነው እማማ፣ ያኔ ደርግ ነበር" አለች።

"ይሆናል" አልኳት። መከራከር አልፈለግኩም። "የአዘዞው ልጅ ግን ምን መለሰ?"

እንዳላየችው ነገረችኝ። መነጽሬን አድርጌ ስልኩን ተቀበልኳት፤ ጽሑፉ ትንንሽ ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ልጁ ለሦስቱም ስሞች መልሷል፣ ለየብቻቸው፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች መስለውት። ለአንዱ ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ አስረዳው። ሁለተኛውን ያሻሽለው ዘንድ ያልወደደውን ነገር እንዲነግረው ለመነው። ክፉውን ለተናገረው ለሦስተኛው ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ብቻውን እንደሠራው ጻፈና፣ ስለ አስተያየትህ አመሰግናለሁ አለው።

ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ ፈለግኩ። ከዚያ ሁሉ ተከራካሪ የራሱንና የአባቱን ስም ጽፎ የቆመ እሱ ብቻ ነበር። ስልኩን ለሔርሜላ መለስኩላት፤ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው፣ አውራ ጣቶቿ ግን አልተንቀሳቀሱም።