የእፀገነት አፕል ፓይና የኔ ምላስ

እፀገነትን «አንቱ» ካልኳት ትቆጣለች። ሃያ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን «እትዬ ካልሽኝ ይበቃል፣ አሮጊት አታድርጊኝ» ብላ አስተወችኝ። እኔ ዝማሬ እባላለሁ። እዚሁ ነፋስ ስልክ ከእሷ የሚለየኝ አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አፍ የላትም አይሉኝም፤ ያሰብኩትን እናገራለሁ፣ የሚከፋው ይክፋው።

ስለ እሷ ክፉ የሚያወራ ካለ ግን ይምጣና ይሞክረኝ! አሥራ ስምንት ዓመት ፈረንጅ ቤት ምግብ ሠርታለች። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲገቡ ይዛ የወጣችው አንድ አሮጌ ኦቨንና የአፕል ፓይ ሙያ ነው። በዓል ሲመጣ ሌላው ዳቦ ይደፋል፤ እሷ ዳቦዋን ደፍታ ፓይ ትጨምራለች። ከውጭ የሚገባውን የሚያብረቀርቅ አፕል አትነካውም፤ «ይሄ ለፎቶ ነው» ትላለች። የአገራችንን የጨንቻ አፕል፣ ትንሹንና ኮምጠጥ ያለውን፣ አንድ በአንድ እያገላበጠች ስትመርጥ ባለሱቁ ኢስማኢል ወገቡን ይዞ ይጠብቃታል። የፉርኖ ዱቄቱን ከቀዘቀዘ የገበታ ቅቤ ጋር በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ታሸዋለች፤ መዳፌ ያሞቀዋል ብላ። ሊጡን በጠርሙስ ትዳምጣለች። አፕሉን በስኳር፣ በቀረፋና በትንሽ ቅቤ ለብ ለብ አድርጋ ሊጡ ውስጥ ትሞላዋለች። ከኦቨን ሲወጣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሰሃኑን ይዞ ደጇ ይሰበሰባል።

የገና ዋዜማ ግን ጾም ነው፤ እሷ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም። ቅቤ የነካው ማንኪያ አፏ አይደርስም። ስለዚህ በአጥሩ በኩል «ዝማሬ፣ ነይ ቅመሺልኝ!» ትላለች። እኛ ጴንጤዎቹ የነቢያትን ጾም ስለማንጾም ቀማሽ ሆኜ ተሾምኩ። እኔም አላባብላትም። «ሎሚ አንሶታል» እላታለሁ። «ሻይ ነው እንዴ፣ ስኳሩን እንዲህ የለቀቅሽበት?» እላታለሁ። አትቀየምም፤ ሳቅ ብላ ታስተካክላለች።

ዘንድሮ ነገሩ ከበድ አለ። ለቡ ላይ ካፌ የከፈተች ሀና የምትባል ልጅ ፓይዋን ሰው ቤት በልታ ኖሯል፤ ደውላ «ለገና ከሰዓት በኋላ ልምጣና ስለ ሥራ እንነጋገር» አለቻት። ለእፀገነት ይሄ የዋዛ ነገር አልነበረም። ጧሪ ልጅ የላትም፤ ፈረንጆቹ ከሄዱ ወዲህ ቋሚ ሥራ አግኝታ አታውቅም፤ በበዓል በበዓል በሚመጣ ትእዛዝ መኖር አድክሟታል። «ይሄን ካገኘሁ እፎይ እላለሁ» አለችኝ። እሷ ለእመቤቴ ተሳለች፣ እኔ በጌታ ስም ጸለይኩላት።

ሀና መጣች። ፓዩን በላች፤ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛ ጠየቀች። እኔ በሆዴ «አለቀ፣ ተቀጠረች!» አልኩ። ከዚያ ልጅቱ ከፌስታሏ አንድ ካርቶን አወጣች።

«ይሄን የሠራው ካፌው ውስጥ ያለው ልጅ ነው» አለች። «የሆነ ነገር ጎድሎታል። እስቲ ይቅመሱትና ምን እንደሆነ ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

ጾሙ ተፈቷል፤ መቅመስ ነው። እፀገነት ግን ሹካዋን አንስታ ፓዩን አልነካችውም።

«ምን ሆንሽ? ቅመሺው እንጂ!» አልኳት።

ሹካዋን አስቀመጠች። «ብቀምሰውም አላውቀውም» አለች። «ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ጣዕምም ሽታም የለኝም። በልደቱ ቀን አልዋሽሽም፣ ልጄ።»

ለእንቁጣጣሽም፣ ጾም በሌለበት፣ ትጠራኝ ነበር እኮ! ልማድ ሆኖባት ነው ብዬ ነበር፤ ቂል!

ሀናም ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቦርሳዋን ሳብ አደረገች። እፀገነት ግን የልጁን ፓይ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ጠርዙን ሰበረች፣ በጣቶቿ ፈተገችው፣ ገልብጣ ሥሩን አየች።

«ቅቤው ሳይቀዘቅዝ ነው የታሸው፤ ለዚህ ነው የደረቀው» አለች። «ሊጡን አላሳረፈውም፣ ጠርዙ ተሰብስቧል። አፕሉም የውጪው ነው፤ ውሃ ለቆ ሥሩን አርሶታል። የቀረውን፣ ጣዕሙን፣ ይቺን ጠይቂያት።»

ቀመስኩት። «ቀረፋ ብቻ ነው! በኢየሱስ ስም፣ የሳል መድኃኒት ነው የሚመስለው» አልኩ።

ሀና አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። ቦርሳዋን መልሳ መሬት አስቀመጠች። «የሚቀምስ ሰው አላጣም፤ ያጣሁት እንዲህ የሚያውቅ እጅ ነው» አለች። «ሰኞ ይጀምሩ፣ እትዬ። ልጁንም ያሠልጥኑልኝ።»

በሩ እንደተዘጋ ጮህኩባት። ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ ገነፈለብኝ። «አምስት ዓመት ሙሉ! ጎረቤት ይቅር፣ እኔ እህትሽ አይደለሁም? ለኔ እንኳን ትደብቂያለሽ?» እንባዬ ይወርድ ነበር።

ሰሃን መደራረቧን አላቆመችም። «ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር» አለች። «ካዘንሽልኝ ደግሞ ተበላሽቶም ‹ይጣፍጣል› ትዪኝ ነበር። ያን ጊዜ ማንን እጠይቃለሁ?»

ሰሃኖቹን ከእጇ ተቀብዬ አቀፍኳት።