አጥንቱ ሳይጨብጠው የገጠምኩት ጥርስ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ማንም እንዳያዝንልኝ ነው።

ደባርቅ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የኔታ፣ የዜማ መምህር ናቸው፣ ከዳባት መጡ። በቅሎ ረግጣቸው ሁለት የላይ የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀዋል። «ሰ» ሲሉ ትንፋሻቸው ያመልጣል። ተማሪዎቻቸው የተበላሸውን ድምፅ ይዘው እንዳይቀሩ ሰግተዋል።

በመንጋጋቸው አጥንት ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከሙ ሁለት ብሎኖች ተከልኩ። አጥንት ሕያው ነገር ነው። ጊዜ ከሰጡት ብሎኑን ይጨብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ልከኛ ጫና እንዲያውም ያጠነክረዋል። ሳይጨብጥ ከተጫነ ግን ብሎኑ ይነቃነቃል፣ አጥንቱም ይሸሻል። ይህን ያስረዳኋቸው እኔው ነኝ። «አራት ወር ይታገሡ» አልኳቸው።

«እጠብቃለሁ ልጄ። ድጓ የተማረ ሰው መጠበቅ ያውቃል።»

መጠበቅ ያቃተው እኔን ነው። አብረውኝ የተማሩ ሐኪሞች ከጎንደር ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሥራዬን እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። በስድስተኛው ሳምንት የኔታን አስጠርቼ ጥርሶቹን ገጠምኩላቸው። አንደኛው ከታችኛው ጥርስ ጋር ቀድሞ እንደሚጋጭ አይቻለሁ። መሞረድ ነበረብኝ፤ እንግዶቼ በር ላይ ነበሩና ተውኩት። አዎ፣ እያየሁ ተውኩት። ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ።

ከሁለት ወር በኋላ የኔታ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ተመለሱ። ሁለቱም ይነቃነቃሉ። ራጅ አነሣኋቸው፤ በብሎኖቹ ዙሪያ አጥንቱ ሸሽቶ ጥቁር መስመር ሆኗል። ምክንያቱን ገና ሳየው አወቅሁ። ታዲያ ምን አልኩ?

«የኔታ፣ ቆሎ ቆርጥመዋል አይደል?»

አንገታቸውን ደፉ። «አንድ ቀን፣ ጥቂት ሽምብራ… ይቅር በለኝ ልጄ፣ ድካምህን አበላሸሁብህ።»

እኔም ይቅር አልኳቸው! በድዬ ሳበቃ ይቅር ባይ ሆንኩ።

ብሎኖቹን ነቀልኩ። የቀረው አጥንት ሌላ የሚሸከም አልሆነም። የኔታም ጉባኤያቸውን ለሌላ መምህር ለቀቁ።

መሣሪያ አልነበረኝም፣ ልጅ ነበርኩ እያልኩ ማመካኘት እችላለሁ። አላመካኝም። «ለሁለት ጥርስ ይህን ያህል?» የሚለኝ ካለም ሄዶ እሳቸው ፊት ይበለው።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አገኘኋቸው። «እጅህን ይባርክልህ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ ይህ አሜን ይብሳል።

ነገ ዳባት እወርዳለሁ። ይፍቱኝ አልላቸውም። እውነቱን ነግሬያቸው እቆማለሁ፤ ቢሹ ይርገሙኝ።